በሶፋው ቦታ የቆሙት ሁለት ኮምፒውተሮች

ስንጋባ ሶፋ አልገዛንም። ያኔ ሶዶ ውስጥ አዲስ ተጋቢዎችን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከበር እንደገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሶፋው ላይ ነበር። እኛ ቤት የገባ ግን ረጅም የእንጨት ጠረጴዛና ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች ያያል። እናቴ ሠርጋችን ካለፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ዙሪያውን ቃኝታ፣ "ቢሮ ነው የከፈታችሁት?" አለችኝ።

ኮምፒውተሮቹ ያገለገሉ ነበሩ። እኔና ባለቤቴ የተዋወቅንበት ኢንተርኔት ቤት ሲዘጋ ባለንብረቱ ዕቃውን ለቆዩ ደንበኞቹ በቅናሽ ሸጠ፤ እኛም ተማሪ ሳለን የእግር ኳስ ጨዋታ የተጋጠምንባቸውን ሁለቱን ለይተን ወሰድን። መጀመሪያ የተጫወትን ቀን አሸነፍኩት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ የመጣው ግን ለመማር አልነበረም፣ ለመበቀል ነበር። በቀሉ ሳያልቅ ተጋባን።

እኔ ሶዶ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። እሱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ የተመደበው ተወልዶ ባደገበት በዲምቱ አካባቢ ስለነበር ሳምንቱን አባቱ ቤት እያደረ ይሠራና ዓርብ ማታ ይመጣል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኛ ነበር። ሁለቱን ማሽኖች በአንድ ኬብል አገናኝተን፣ እሱ ከመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከግድግዳው በኩል እንቀመጣለን። ኳሱ እየተንከባለለ ወሬያችንም አብሮ ይሄዳል። የትኛው ላም እንዳማጠች፣ የቀበሌው ስብሰባ እንዴት እንደረዘመ፣ እኔ ከየትኛው ክፍል ጋር እንደታገልኩ፣ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ማን እንዳንቀላፋ ሁሉ የምናወራው እዚያ ነው። ፊት ለፊት ተያይቶ ለማንሣት የሚከብድ ነገር እንኳ ሁለታችንም ወደ ስክሪን እያየን ሲሆን ይቀል ነበር። ልጅ ሳይመጣልን የቆየበትን ሐሳብ መጀመሪያ ያነሣነው በጨዋታ መሐል ነው። ኳሱን አቁመን አልነበረም፤ እየተጫወትን ነው የተነጋገርነው።

ዓመታት አለፉና ኮምፒውተሮቹ አረጁ። ፋናቸው እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረ። የዳሞታ ተራራ ብርድ ወርዶ ሁላችንም ጋቢ በደረብንበት ክረምት እንኳ እነሱ ይግሉ ነበር፤ እጄን ከኋላቸው አድርጌ የማሞቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ በጨዋታ መሐል መጥፋት አመጡ። የእኔው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ስሸነፍ ስለነበረ ባለቤቴ በእግሬ ገመዱን የምነቅል ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ሲፈልግ ያዝኩት።

ቁርጡ የታወቀው አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲሱን የእግር ኳስ ጨዋታ በዲስክ ያመጣልን ጊዜ ነው። ሲጫን ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲያልቅ ከፈትነው፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነና ኮምፒውተሩ አቅም እንደሌለው የሚናገር አጭር ጽሑፍ ወጣ። በሁለተኛው ሞከርን፣ ያው ነው።

"እንተወው በቃ" አለ ባለቤቴ። "እነሱም አርጅተዋል፣ እኛም አርጅተናል።"

"አንተ ማርጀት ትችላለህ" አልኩት። "እኔ ገና ነኝ።"

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። አሮጌውን ጨዋታ ጨርሰነዋል። እሱ በቀኝ ሲመጣ ኳሱን ወዴት እንደሚሰጥ ከራሱ ቀድሜ አውቃለሁ፤ እሱም የእኔን ያውቃል። ቅዳሜያችን ቀስ በቀስ ወደ ዝምታ እየሄደ እንደነበር ሁለታችንም ይታየን ነበር፤ ማንም ግን በአፉ አላለውም።

አዲስ ለመግዛት የሁለታችን ደመወዝ አይበቃም። ያለን ንብረት አንድ ነበር። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ስንጋባ የሰጡን ጊደር ዲምቱ እሳቸው ግቢ ውስጥ ወልዳ፣ ጥጃዋ ወይፈን ሆኗል። መስቀል ሲቃረብ ደግሞ በወላይታ ወይፈን ይፈለጋል። እሱን ለመሸጥ የአማቴን ፈቃድ ልንጠይቅ አንድ እሑድ ሄድን።

አማቴ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጡን። የሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን "አንተ" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ከልጃቸው እኩል ያደረጉኝ ይመስለኝ ነበርና። እኔም በወላይትኛ እንደ ልጆቻቸው "አዋ"፣ አባባ፣ ብዬ ነው የምጠራቸው።

"ወይፈኑን ሸጣችሁ ምን ልትገዙ ነው?" አሉ።

"ለኮምፒውተር ዕቃ ነው" አለ ባለቤቴ። "ያው… ለሥራም ይሆናል።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ አስተማሪ ነህ። ለሥራ ነው?"

"አይደለም አዋ" አልኩ። "ለጨዋታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና እሱ የምንጫወተው።"

ባለቤቴ መሬት መሬቱን አየ። አማቴ አልተቆጡም። ግቢው ውስጥ የታሰረውን ወይፈን ዞረው አይተው፣ "ጨዋታ መጥፎ አይደለም" አሉ። "ሰው ወይፈን ሸጦ ቤት ይሠራል፤ ልጅ ያስተምራል፤ የታመመ ያሳክማል። ወይፈን ሸጦ ጨዋታ የገዛ ግን እኔ አላየሁም። ይሄ አይሸጥም።"

በዚህ ንግግሩ አለቀ። ስንነሣ አማቴ በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ቦዬ፣ ያን የወላይታ ሥራ ሥር፣ አሸክመውን ሸኙን። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ እኔም አልተቀየምኳቸውም። እውነቱን ተናግሬ እውነተኛ መልስ አግኝቻለሁ።

ቦዲቲ ላይ መኪና ስንቀይር ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ወርደን ቆምን። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለ የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከማልፈልገው ነገር ሁሉ መሐል፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ጎማ ቀጥሎ፣ "ከአገልግሎት ውጭ የሆኑ ኮምፒውተሮች" የሚል አነበብኩ። የባለቤቴን እጅጌ ሳብ አደረግኩ።

"የሞቱ ናቸው እኮ" አለኝ።

"ሁሉም በአንድ በሽታ አይሞቱም" አልኩት። "ይሄን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።"

ያን ጊዜ የኮምፒውተር ሆድ ከፍቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት ያነበብኩትን ብቻ ነው። ከዚያ እሑድ እስከ ሐራጁ ቀን ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የእኛን አንዱን ከፈትኩና ክፍሎቹን እየነካሁ ስማቸውን ተማርኩ፤ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሲበራልኝ ያለ ምንም ምክንያት እንደገና ፈታሁት።

በሐራጁ ላይ የተወዳደሩን ብረት ፈላጊዎች ነበሩ። እነሱ ዓይናቸው ያለው ሌላው ቁልል ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሮቹ ያሉበትን ለእኛ ለቀቁልን። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሲያስረክበን አዝኖልን፣ "እህቴ፣ አንዱም አይሠራም፤ በኋላ እንዳትመለሱብን" አለ። "አውቃለሁ" ብዬ ፈረምኩ። የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ሲጭናቸው እየሳቀ፣ "ኢንተርኔት ቤት ልትከፍቱ ነው?" ብሎ ጠየቀን። ባለቤቴ ሶዶ እስክንደርስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ገመዱን ሲጠብቅ ነበር።

ቤታችን ወለል ላይ ሰሌን ዘርግተን ሁሉንም ፈታታናቸው። መጀመሪያ ያስቸገረን አቧራው ነበር፤ ውስጣቸው ባለ ፀጉር አውሬ የተኛበት ይመስላል። በቀለም ብሩሽ ጠረግን፣ አልወጣ አለ። ባለቤቴ አንድ ሐሳብ መጣለትና በባጃጅ ጭነናቸው ጎሚስታ ቤት ሄድን። ጎሚስታው ግራ ገብቶት ሲያየን፣ "ጎማ አይደለም፣ ንፋስ ብቻ ልቀቅልን" አልነው። እኔ ፋኖቹ በንፋሱ እየተሽከረከሩ እንዳይበላሹ በእርሳስ ያዝኳቸው፤ እሱ የኮምፕረሰሩን ቱቦ ጨብጦ ንፋሱን ለቀቀው። ቀዩ የቦዲቲ አፈር ደመና ሆኖ ተነሣ። ከኋላችን ወረፋ የያዘው የአይሱዙ ሹፌር አፉን በሻርፑ ሸፍኖ ሸሸ። ቤት ስንገባ ፊታችን አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ ነበር።

ከዚያ የመለየቱ ሥራ መጣ። እያንዳንዱን ራም አንድ በአንድ እየሰካሁ ሞከርኩ። ወርቃማው ጥርሳቸው የጠቆረውን በተማሪ ላጲስ አሸሁት፤ ከሞቱት የቆጠርኳቸው ብዙዎቹ በላጲስ ብቻ ተነሡ። ፓወር ሰፕላዮቹን በእጄ እየመዘንኩ ከበድ ከበድ ያሉትን ለየሁ፤ ከውስጣቸው ያበጠ ነገር ያለባቸውን ጣልኩ። ፕሮሰሰሮቹ ላይ የደረቀውን ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ዲምቱ ስለሚሆን ዓርብ ሲመጣ ሰሌኑ ላይ የጨመርኩትን አሳየዋለሁ። እሱም ላም እንደሚመረምር ሰው ቁጢጥ ብሎ ያይና፣ "ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው የሞተው?" ይለኛል። ከዚያ በፊት በሥራዬ ጉዳይ እንዲህ ተጠንቅቆ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከሙታኑ መሐል ያላገኘነው አንድ ነገር ግራፊክስ ካርድ ነው። ለእሱ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ስታቢላይዘር ወደሚሸጡት ነጋዴ ሄድን። አባታቸው ከስልጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ ዕቃቸውን ራሳቸው ከመርካቶ ያመጣሉ። ያገለገለ እንዲፈልጉልን ጠየቅናቸው። ከአዲስ አበባ ደወሉ።

"ቲቸር፣ በያዛችሁት አቅም ወይ አንድ ጠንካራ አለ፣ ወይ ሁለት መካከለኛ። የቱን ላምጣ?"

ባለቤቴን አየሁት። አንዱ ጠንካራ ቢመጣ አዲሱን ጨዋታ ከነጌጡ ያጫውታል፤ ግን በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ነው።

"ላንቺ ይሁን" አለኝ። "የደከምሽው አንቺ ነሽ። ለእኔ አሮጌው ይበቃኛል።"

"ሁለት መካከለኛ ያምጡልን" አልኩ በስልኩ። "ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።" ከዘጋሁ በኋላ ምክንያቴን ነገርኩት። "አንዳችን የተሻለ ከያዘ የተሸነፈው ሁልጊዜ ሰበብ ይኖረዋል። ሳሸንፍህ ሰበብ እንዲኖርህ አልፈልግም።"

ነጋዴው ካርዶቹን ሲያመጡ ከዋጋው የጎደለውን በሥራ አካካስን። ከሰሌኑ ላይ ከተረፈው ዕቃ አንድ ደህና ኮምፒውተር ገጥሜ ሰጠኋቸው፤ ለልጆቻቸው ወሰዱት። "ይሄን የት ገዛሽው?" ብለው ሲጠይቁኝ ታሪኩን ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ካቻቢቴ አስመጥቼ እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ወቅት ስለሆነ ሁሉን ገጥመን ጨርሰን ተቀምጠን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። የስታቢላይዘሩ መርፌ እስኪረጋ ታግሰን የእሱን አበራን፤ ያለ አንዳች ድምፅ ተነሣ። እንደ ወፍጮ ሲጮህ ስለለመድነው ትንሿን አምፖል አጎንብሰን አይተን ነው መነሣቱን ያመንነው።

የእኔው ግን ቲጥ፣ ቲጥ እያለ ጮኸ። ራም ነው አልኩ፤ አውጥቼ በላጲስ አሽቼ መለስኩት። ጩኸቱ ቆመ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ካርዱን ነቅዬ መለስኩ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ። ካርዶቹን አቀያየርን፤ የእኔው በእሱ ላይ ይሠራል፣ የእሱ በእኔ ላይ አይሠራም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንፈታና ስንገጥም ምሳ አልበላንም። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱ ብቻ ሊሠራ ነው ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ኋላ ገብቶ ጎንበስ አለ። ቀጥሎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይስቃል።

"የስክሪንሽን ገመድ የት ነው የሰካሽው?"

ሄጄ አየሁ። አዲሱን ካርድ ትቼ እንደ ዱሮው ልማዴ ከአሮጌው ቀዳዳ ላይ ሰክቼዋለሁ። ነቅሎ ካርዱ ላይ ሰካው። ስክሪኑ በራ። ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን፤ ሆዴን እስኪያመኝ።

ጨዋታው ሲከፈት ሜዳው ላይ ዝናብ እየዘነበ ነበር። በአሮጌው ጨዋታ ሜዳ ማለት አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ እዚህ ግን ሣሩ አንድ በአንድ ይታያል፤ ተጫዋች ሲንሸራተት ጭቃው ይረጫል። ባለቤቴ ኳሱን ረስቶ ሜዳውን ያያል።

"ይሄን ሣር እኮ ከብት ይበላዋል" አለ።

እሱ ሣር ሲያይ አንድ አገባሁ። በመጨረሻ ግን ያሸነፈው እሱ ነው። አላናደደኝም። ዓይኔ ሙሉ ጊዜውን ከኳሱ ይልቅ ከጠረጴዛው ሥር ባሉት ሁለት ሣጥኖች ላይ ነበር፤ በጸጥታ ይሠራሉ። እጄ ውስጥ ምን እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ተማሪ ሳለሁም፣ ዲፕሎማዬን ስቀበልም እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

በጥር ወር አማቴ ለዓይን ሕክምና ሶዶ መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። የመጡ ዕለት ኮምፒውተሮቹን ዞረው አዩ። በማግስቱ፣ "ወይፈኑ ግቢዬ ውስጥ ነው። ይሄ በምን መጣ?" አሉ።

የአንዱን ጎን ከፍቼ አሳየኋቸው። ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ፕሮሰሰሩን እየጠቆምኩ የትኛው ከየትኛው ሬሳ እንደወጣ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረቡ። ለበዓል በሬ ሲታረድ ሥጋ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ስለሆኑ የሆድ ዕቃ አያስደነግጣቸውም። ፋኑን በጣታቸው አሳይተው፣ "ይሄ ሳንባው ነው" አሉ። ልክ ነዎት አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ ስንጋጠም ከኋላችን ወንበር ስበው ተቀመጡ። የትኞቹ ተጫዋቾች የእኔ፣ የትኞቹ የልጃቸው እንደሆኑ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ በእኔ ወገን ሆኑ። ልጃቸው ኳስ ሲያበላሽ በወላይትኛ አንድ ነገር ይሉታል፤ እሱ እየሳቀ መጫወት ያቅተዋል። አሸነፍኩ።

"አሁን ወይፈኑን እንሽጥ ብትሉኝ እሺ እላለሁ" አሉ አማቴ።

"አሁን አያስፈልገንም አዋ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሴን የወደዱት ይመስለኛል፤ ማታ እራት ላይ ለልጃቸው፣ "ሚስትህ ጎበዝ ነው" ሲሉ ሰማሁ።

ዲምቱ ሲመለሱ ወሬውን ይዘው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ በዚያ አካባቢ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ በባለቤቴ በኩል ላኩብኝ፤ በዕርዳታ ያገኟቸው ኮምፒውተሮች ተበላሽተው ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፣ የሚያያቸው ሰው ጠፍቷል። በትምህርት ዕረፍት ሄድኩ። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ዋለ፤ አቧራ ጠራረገ፣ ላጲስ አቀበለኝ። ሁሉም አልተነሡም፤ አንድ ክፍል የሚያስተምሩ ያህል ግን ተነሡ። ርዕሰ መምህሩ ስክሪኖቹ በተራ ሲበሩ አይተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሊከፍሉኝ ፈልገው ነበር፤ ምሳ በዳጣ በልተን፣ ተመራርቀን ወጣን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሙሉ ነበርና ባለቤቴ ከፊቴ ወንበር ላይ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀመጠ። በመኪና ውስጥ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ሰውየው ባለቤቴ ጭን ላይ ያለውን የዕቃ ሣጥን አይቶ፣ "ጥገና ነው የምትሠራው?" ሲለው ሰማሁ።

"እኔ አይደለሁም" አለ ባለቤቴ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ። "ከኋላ ያለችው ናት። ባለቤቴ ናት።"

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረው ገባ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ እስከ ሶዶ አዳመጥኩት።